በእመቤቴ ስም ላይ የጎደለው ድምፅ

ቅናተኛን በምን ታውቀዋለህ? በጩኸቱ? በስድቡ? በገበያ መካከል ቆሞ ስለ ፎከረ? እንግዲያው አንተም ያን ዕለት ደብረ ታቦር ብትኖር ኖሮ ከሕዝቡ ጋር ሆነህ መለከት ነፊውን ማሩን ለገመድ ትሰጠው ነበር። የሚጮኸውን ይዞ ዝም ያለውን መልቀቅ የሰነፍ ፍርድ ነው። የሰነፍ ፍርድ ደግሞ በዚህ አገር ፈራጅ አጥቶ አያውቅም።

ዘመኑ የመሳፍንቱ መጨረሻ ነበር። የፊታውራሪ አያሌው ሚስት ወይዘሮ እመቤቴ አርፈው አርባቸው ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው፣ የእምቢልታ ነፊዎቹ አለቃ አድማሱ በልምምድ ጎጆው ውስጥ ራሱን በጉልቻ ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። ያገኘችው ሚስቱ ጥሩወርቅ ነበረች። ፀሐይ ገና ወደ ጣና አላዘቀዘቀችም።

ገዳዩን ለመፈለግ የደከመ ሰው አልነበረም። የመለከት ነፊዎቹ አለቃ ማሩ ከጎጆው ሮጦ ሲወጣ ታይቷል። ከዚያም በላይ፣ ፊታውራሪ ለሟች ሚስታቸው መታሰቢያ አዲስ ዜማ ይሠራ ብለው ሁለቱን አለቆች ባወዳደሩ ጊዜ የተመረጠው የአድማሱ እምቢልታ ነበር፤ የማሩ መለከት ወደቀ። ማሩም በቅዳሜ ገበያ «ያን ዜማ በራሱ መቃብር ላይ ይነፉለታል!» ብሎ ጮኋል። ስለዚህ ያዙት፤ ከሟቹ ወንድም ጋርም በአንድ ሰንሰለት በቁራኛ አሰሩት። ፊታውራሪም «ነገ ተዝካሩ ሳይበላ ደሙን ለወንድምየው እሰጣለሁ» አሉ።

ለተዝካሩ ከጉና በኩል የመጡት ዳኛ ዘውገ ይህን ሲሰሙ የሚቆረጥሙትን ሽምብራ አቆሙ።

«አውጫጭኝ ሳይቀመጥ?» አሉ።

«ሰውየው ተይዟል እኮ፣ ዘውገ።»

«ዶሮም ትያዛለች፣ ጌታዬ። የምትያዘው ግን ስለ ጮኸች ነው። እስከ ነገ ጧት ይስጡኝ፤ ሕዝቡ ለአውጫጭኝ ተሰብስቦ የሚያውቀውን ያውጣ። ካላገኘሁ ያሻዎትን ያድርጉ።»

ፊታውራሪ ተቆጡ፤ ግን ሰጧቸው።

ዳኛው በቀጥታ ወደ ጎጆው ወጡ። ጎጆው ከኮረብታው ላይ ነው፤ ከጀርባው ትንሽ ራቅ ብሎ ዋርካ አለ። ምንጩ ግን ከቁልቁለቱ ግርጌ ስለሆነ ከዚያ ያለ ሰው ጎጆውንም ዋርካውንም አያይም። ሬሳውን አይተው ሲያበቁ ወደ ግድግዳው ዞሩ። አውራው፣ አድማሱ የሚነፋው እምቢልታ፣ በችንካሩ ላይ ተሰቅሏል፤ ከበሩ አጠገብ አንዲት ገንቦ ቆማለች።

ጥሩወርቅ ነጠላዋን በወገቧ አስራ ደጁ ላይ ተቀምጣለች።

«እግዚአብሔር ያጥናሽ። ይህ ገንቦ የማን ነው?»

«የሱ ጠላ ነው እንጂ የማን ይሆናል፣ ጌታዬ። ሊነፋ ሲል ግማሹን ይጠጣዋል፣ በተረፈው አውራውን ያርሰዋል። ቀርከሃ ደርቆ አይነፋም። ሌላው ሰው በውሃ ያርሳል፤ የኔ ሰው ግን ‹ውሃ ለበቅሎ፣ ጠላ ለአውራ› ይል ነበር።»

«አንድ ቀን እንኳ በውሃ?»

«ጌታዬ፣ ካገባኝ ጀምሮ!»

ዳኛው ገንቦዋን አነሷት። ሙሉ ነች፤ አፏም ጥሩወርቅ በቅጠል እንደ ወተፈችው ነው። አውራውን ከችንካሩ አወረዱና የጋቢያቸውን ጫፍ ወደ ውስጥ ሰድደው አወጡት። ርጥብ ነው። በመዳፋቸው ላይ ጨመቁት። ጥርት ያለ ጠብታ ወረደ።

«ጠላውን ስታመጪ ምን አለሽ?»

«አላገኘሁትም፤ ከዋርካው ሥር አብሮት ከሚነፋው ከሙላቴ ጋር ያወራ ነበር። አስቀምጬ ተመለስኩ።» ትንሽ አለቀሰችና ቀጠለች። «ከተዝካሩ በኋላ አውራውን ለታናሹ ነፊ ለአለሙ ሊያወርስ ቆርጦ ነበር። ‹ሙላቴ ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰማው ዛሬ እኔው እነግረዋለሁ› ብሎኝ ነው የወጣው። ሆዱ ደግ ነበር።»

ዳኛው አውራውን በጋቢያቸው ጠቅልለው ወደ ምንጩ ወረዱ።

እዚህ ላይ እምቢልታን የማያውቅ አንባቢ ይስማኝ። እምቢልታ ዋሽንት አይደለም። የጣት ቀዳዳ የለውም፤ አንዱ ቀርከሃ አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ቢያወጣ ነው። ስለዚህ ሦስት ሰው ያስፈልጋል። አውራው ይጠራል፣ የማው ይመልሳል፣ ድፉ ከሥር ይይዛል። አውራው የአድማሱ ነበር። የማውን ለብዙ ዓመት ከጎኑ ሳይለይ የነፋው ሙላቴ ነው። ድፉን የሚነፋው አለሙ ደግሞ ከሐሙሲት አካባቢ የመጣ፣ ሚስትና ልጆች ያሉት ጎልማሳ ነው። አድማሱ በመታሰቢያው ዜማ ሦስቱን አራርቆ፣ አውራውን ከጎጆው፣ የማውን ከዋርካው፣ ድፉን ከምንጩ አቆማቸው፤ ወይዘሮዋ እየራቁ የሚሄዱ እንዲመስል። ሦስቱ ድምፆች ባንድነት የሚገጥሙበት አንድ ቦታ ብቻ አለ። ነፊዎቹ ያን ቦታ «የእመቤቴ ስም» ይሉት ነበር።

አለሙ ከምንጩ ዳር እምቢልታውን ታቅፎ ተቀምጧል። ጠላ ሻጯ ፈንታነሽ እንስራዋን ትሞላለች።

«ዛሬ ስትነፉ አድማሱን አይተኸው ነበር?» አሉ ዳኛው።

«ከዚህ አይታይም፣ ጌታዬ። ግን አውራው ጠራኝ፣ የማውም መለሰ። ስንጨርስ ሙላቴ ወረደልኝና አብረን ወደ ፊታውራሪ ግቢ ሄድን። ድንኳን ስንተክል ቆየን፤ ዋይታው የመጣብን እዚያው ነው።»

«ልምምዱ ደህና ነበር?»

አለሙ አንገቱን ደፋ። «ደህና ነበር።»

«ምኑን ደህና ነበር!» አለች ፈንታነሽ። «ያቺ ልብ የምትበላዋ ቦታ ዛሬ ባዶ ነበረች። ‹ህእ… ህም… ህእ› ትል የነበረችው ዛሬ ‹ህእ… ህእ› ብላ ቀረች። እኔ ጠላ ብጠምቅም ጆሮዬ ጌሾ አልበላም።»

«እውነት ነው?» አሉ ዳኛው።

«የማው በስሟ ላይ ጎደለ፣ ጌታዬ» አለ አለሙ። «ሙላቴ ታላቄ ነው፤ ማሳጣት መሰለኝና ዝም አልኩ።»

ማሩን ያገኙት ከበቅሎ ጋጣው ጎን ነው። የሟቹ ወንድም በሰንሰለቱ ሌላ ጫፍ ፊቱን አዙሮ ተቀምጧል። ዳኛው ለሁለቱም ሽምብራ ዘገኑላቸው።

«ወደ ጎጆው ለምን ሄድክ?»

«አልናገርም።»

«ነገ ትሞታለህ።»

«እሞታለሁ እንጂ አልናገርም።»

«እንግዲያው እኔ ልናገር። ከደረትህ እስከ ጉልበትህ የደረቀ ሣር ተጣብቆብሃል፤ ከጀርባህ ግን ምንም የለም። ሰው የሚገድል በሆዱ አይተኛም። ስትደበቅ ነበር። ስታዳምጥ።»

«ዝም ይበሉ፣ ጌታዬ!» አለ ማሩ እየተንሾካሾከ። «ይህ ሰው ይሰማል!»

«በአንድ ሰንሰለት ታስረን የት ልሂድልህ?» አለ ወንድምየው።

ማሩ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «በየቀኑ እመጣ ነበር። ሰው እንዳያየኝ ከቁልቁለቱ ሣር ላይ ተኝቼ፣ ጎጆውን ሳላይ አዳምጠዋለሁ። ዜማው… ከኔ ይበልጥ ነበር። ስሰማው አንጀቴ ይቃጠላል፤ ሳልሰማው ግን እንቅልፍ አይወስደኝም። ዛሬ በስሟ ላይ አንድ ድምፅ ጎደለ። ደስ አለኝ! ‹ዜማህ አነከሰ› ብዬ ልስቅበት ገባሁ። ወድቆ አገኘሁትና ሮጥኩ።»

«ይህንን ከምትናገር መሞት መረጥክ?»

«የማሩ መለከት በአድማሱ ደጅ በሆዱ ተኝቶ ሲለምን ነበር ይበሉኝ?»

በመጨረሻ ሙላቴን ጠሩት። ሙላቴ ጨዋ ሰው ነው፤ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ዐይኑ በልቅሶ የቀላ። ጠላ ሲያቀርቡለት በትሕትና መለሰ።

«ለመድኃኔ ዓለም ተስያለሁ፣ ጌታዬ። ከውሃ በቀር አልቀምስም።»

«ዛሬ ከአድማሱ ጋር ምን አወራችሁ?»

«ስለ ነገው ነው። ሌላ ምን አለን?»

«ዜማውስ ደህና ተነፋ? በስሟ ላይ የማው ጎደለ የሚሉ አሉ።»

የሙላቴ ጨዋነት ለአፍታ ተሰነጠቀ። «ማነው ያለው? አለሙ ነው? እኔ በእመቤቴ ስም ላይ ያጎደልኩበት ቀን የለም፤ ፊታውራሪ አያሌው ይሙት! ዛሬም ነፍቼዋለሁ። የሐሙሲት ቆለኛ ጆሮ ምን ይሰማል?»

«ይሆናል» አሉ ዳኛው።

በማግስቱ ጧት አውጫጭኙ ከምንጩ ዳር ተቀመጠ። ከጉና የሚወርደው ነፋስ እንደ ትናንቱ ይነፍሳል። ፊታውራሪ በምንጣፍ፣ ሽማግሌዎቹ በድንጋይ፣ ሕዝቡ በሣር ላይ ተቀመጠ። ማንም የሚያውቀውን ሳይመሰክር እንዳይነሣ ተገዘተ። አንድ ሽማግሌ ነጋሪው በስሙ እንዳይጠራ እንደ ደንቡ «ወፍ ምን ነገረችህ?» እያለ ሊጀምር ሲል ዳኛ ዘውገ እጃቸውን አነሡ።

«እኔ ዛሬ ወፍ አልሰማም፤ እምቢልታ ነው የምሰማ። ማሩን ፍቱት።»

ሕዝቡ አጉረመረመ።

«ማሩ፣ የአድማሱን አውራ መንፋት ትችላለህ?»

ማሩ ሕዝቡን አየ፤ ፊታውራሪን አየ። ከዚያም ያን ሁሉ ኩራቱን እንደ ከባድ ሸክም መሬት ላይ ጣለው። «እችላለሁ። ቅናት ክፉ መምህር ነው፤ ግን ያስተምራል። እያንዳንዷን ድምፅ ሣር ላይ ተኝቼ ለቅሜያታለሁ።»

ጥሩወርቅ የያዘችውን ጠላ ዘረጋችለት፤ እሱም ተቀብሎ አውራውን አረሰ። «የሱን አውራ በውሃ አልነካውም» አላት። እሷም ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ማሩ ወደ ጎጆው፣ ሙላቴ ወደ ዋርካው በዘብ ወጡ። አለሙ ከምንጩ ቀረ። አውራው ጠራ። የማው መለሰ። ድፉ ከሥር ያዘ። ከእመቤቴ ስም ሲደርሱ ሦስቱ ድምፆች ባንድነት ገጠሙ፤ የሟች ባል ፊታውራሪ አያሌው ግንባራቸውን በእጃቸው ደገፉ።

«ፈንታነሽ» አሉ ዳኛው። «የትናንቱ ይህ ነው?»

«አይደለም! ይህ ሙሉ ነው። ትናንት መካከሉ ባዶ ነበር።»

ሁለቱ ወረዱ። ዳኛው ተነሡ።

«እንግዲህ ስሙ። ትናንት የማው በስሟ ላይ ጎደለ። ጠላ ሻጯ ሰማች፣ አለሙ ሰማ፣ ማሩ ሰማ። ሙላቴ፣ አንተ ግን በጌታህ ምለህ ነፍቼዋለሁ አልከኝ።»

«ነፍቼዋለሁ። ነፋስ ወስዶት ይሆናል።»

«ነፋሱ ያው ነው፤ ዛሬ አልወሰደውም። ደግሞስ ከአንድ ኮረብታ ላይ የማውን ወስዶ አውራውን የሚተው ምን ዓይነት ነፋስ ነው? ወደ ሁለተኛው ልሂድ። አድማሱ አውራውን በጠላ ሳያርስ አይነፋም። ጠላው ግን እንደ ተወተፈ ነው ያገኘሁት፤ አውራው ደግሞ በውሃ ርሷል። ስለዚህ ትናንት አውራውን የነፋው አድማሱ አይደለም። ልምምዱ ሲጀመር እሱ ወድቋል።»

ሕዝቡ ወደ ማሩ ዞረ።

«ማን ነፋው? ማሩ እንዳትሉ። ማሩ ቢሆን የማው ለምን ይጎድላል? ሙላቴ አፉ ነጻ ነው፣ በቦታው ቆሟል። አውራውና የማው ሲቀባበሉ አንድ ሰው ሁለቱን እያፈራረቀ ሊነፋቸው ይችላል። ባንድነት በሚገጥሙበት ቦታ ግን ከሁለቱ አንዱ ይቀራል። እንዲያ ነፍቶ ሲያበቃ አውራውን በችንካሩ ላይ ሰቅሎ፣ ወርዶ ከአለሙ ጋር ቢሄድ፣ አለሙ ‹አድማሱ ሲነፋ ሰምቼዋለሁ፤ ሙላቴም ከዚያ ወዲያ ከኔ አልተለየም› ብሎ ይመሰክርለታል።»

«ማሩ ነው የሚቀናበት!» አለ ሙላቴ። «አገር ያውቃል!»

«ማሩ ቀናበት፤ እውነት ነው። ቅናቱን ግን በገበያ አራገፈው። ያንተን ማን ሰማው? ብዙ ዓመት ከጎኑ ቆመህ ዝም ብለህ ጠበቅክ። ትናንት ከዋርካው ሥር አውራው ለአለሙ እንደ ተሰጠ ነገረህ። ነግሮሃል፤ ሚስቱ ምስክር ናት።» ከዚያ አውራውን አነሡና ዘረጉለት። ውሃውና ጠላው በሁለት ቅል ከፊቱ ተቀምጠዋል። «ተበደልኩ ካልክ እንካ፤ ዛሬ ያንተ ነው። ፊታውራሪ ይስሙህ። ንፋው።»

ሙላቴ አውራውን ሲቀበል ፊቱ ተለወጠ። በዚያች ቅጽበት ሕዝቡንም፣ ዳኛውንም፣ ማሩንም የረሳ ይመስል ነበር። አቀፈው። አለሙን በጎን አየው። ከዚያም እጁ ብዙ ዓመት እንደ ለመደው ወደ ቅሉ ሄዶ አውራውን በውሃ አረሰ።

ጥሩወርቅ ጮኸች።

ሙላቴ የሚንጠባጠበውን ቀርከሃ አየ። ወደ አፉ አላስጠጋውም፤ መሬትም አላስቀመጠው። ማሩ ሁለት እርምጃ ቀረበና «ስጠኝ፤ ይበላሻል» አለው በለሰለሰ ድምፅ። ሙላቴ ግን ጨብጦ ያዘው።

ዳኛ ዘውገ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው በችሎት ደንብ እጃቸውን ወደ እሱ ዘረጉ።

«ሙላቴ! ትናንት በእመቤቴ ስም ላይ የማው ሲጎድል አፍህ ከየትኛው ቀርከሃ ላይ ነበር? ለኔ አትንገረኝ። ለዚህች ሴት፣ በሰንሰለት ላሳደርከው ሰው፣ ለዚህ ሁሉ ሕዝብ ንገር። ተጠየቅ!»