የሦስት ሰው ጫጉላ

ሴልፊናና ዮፒ የተዋወቁት በኢንዶኔዥያዋ አምቦን ከተማ፣ ዝናብ አባሯቸው አንድ የጉዞ ወኪል ደጃፍ የተጠለሉ ዕለት ነው። መስታወቱ ላይ በደሴቶች መሃል የምትንሳፈፍ ነጭ መርከብ ሥዕል ተለጥፎ ነበር።

«ወዴት እንሂድ?» አላት የማታውቀው ወጣት፣ የራሰ ፀጉሩን እየጠረገ።

«ኬይ ደሴት!» ሳታስበው አመለጣት። አፍራ አቀረቀረች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በተገናኙ ቁጥር ያቺን ጉዞ ማቀድ ሆነ ጨዋታቸው። እሱ ገና ከሩቁ የቅርንፉድ ሽታ በነፋስ የሚቀበልበት ደሴት ያምረዋል። እሷ እንደ ዱቄት በላመው የኬይ አሸዋ ላይ በባዶ እግሯ መሄድ ትመኛለች።

«ዓሣውን ማን ይጠብሳል?»

«አንተ ነሃ!»

«እንግዲያው ጦማችንን ማደራችን ነው።»

ይስቃሉ። ሲተያዩ ባሕሩ ራሱ የቀረበ ይመስላቸዋል።

ሠርጋቸው ሲቃረብ ጫጉላቸውን በመርከብ ሊያሳልፉ ወሰኑ። የሴልፊና እናት እማማ ዶርቴ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። ባላቸው ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ኬይ አጠገብ ነው የቀረው፤ አስከሬኑ እንኳ አልተገኘም።

«ልጄን ላንተ መርቄ እሰጣለሁ» አሉት ዮፒን። «ለባሕር ግን አልሰጥም።»

ሴልፊና ያለ እናቷ ምርቃት አልሄድም አለች። ዮፒ አልተከራከራትም። እንባዋን በአውራ ጣቱ ጠረገላትና እያሰበ ወጣ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እነ ሴልፊና ቤት ብቅ አለ።

«እማማ፣ እርስዎም አብረውን ይምጡ።»

የእማማ ሳቅ ጎረቤት ድረስ ተሰማ። «አማቱን አስከትሎ ጫጉላ የሚሄድ ሙሽራ! አንተ ልጅ፣ ጤናም የለህ?»

«ክፍሎቹ ለየብቻ ናቸው፣ እማማ።»

ሴልፊና በሳቅ ፈረሰች። እናቷ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ።

«መርከቡ... ኬይ ጋ ይቆማል?»

«ይቆማል፣ እማማ። ሙሉ ቀን።»

ከሠርጉ በኋላ ሦስቱም ተሳፍረው ኬይ የደረሱት ጎህ ሲቀድ ነው። ውሃው ጭጭ ብሏል። እማማ ዶርቴ ከመርከቡ ጠርዝ ቆመው አበባ አንድ በአንድ ወደ ባሕሩ ጣሉ። ባላቸውን በስሙ ጠርተው የልጃቸውን መዳር አበሠሩት። «ባሏ እንዳንተው ቀልደኛ ነው» አሉት።

ሙሽሮቹ ከኋላቸው እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆሙ።

እማማ ዞር አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ ፊታቸው ግን በርቷል።

«ምን ታፈጣላችሁ እናንተ? እኔ ከባሌ ጋር ላውጋበት። ሂዱ ወደ ጫጉላችሁ!»