ሰፊውን ያለበሰው እጅ

ማክሰኞ ጠዋት በሰፈሩ ከባድ ዜና ተሰማ፦ የልብስ ሰፊው ሱቅ አልተከፈተም። ሱሪ ሊያሳጥሩ የመጡ ሰዎች አጉረመረሙ። በሩ ሲከፈት ግን ሰፊው ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ከስፌት መኪናው ብረት ስር ተገኘ፤ በአሮጌው ባንዲራ ተሸፍኗል።

ከላይ ሰማያዊ፣ ከታች ነጭ፣ መሐሉ ላይ ወፍ። ለአንዱ አባቱ የሞተለት፣ ለሌላው አባቱ የተገደለበት ጨርቅ ነው፤ ከተሻረም ወዲህ ሰፈሩ ወይ ይስመዋል ወይ ይተፋበታል።

የሱቁ ቁልፍ ሦስት ሰዎች ጋ ነበር፦ ሚስቱ፣ ወንድሙና ጎረቤቱ ጋ። የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ የአዲሱ ባንዲራ ኮሚቴ ጸሐፊ፣ ፈጥኖ ፈረደ። «ሻለቃው ነው! እኔ ያንን ጨርቅ ነክቼው አላውቅም።»

«ሻለቃ» የሚባለው ጎረቤት በካቴና ታስሮም ደረቱን ነፋ። «በሰልፍ ሁሉ ፊት ተሸክሜዋለሁ። ሰው ግን አልገደልኩም፣ ልጄ።»

«እትዬ፣ ማታ ምን ሰሙ?» አለች መርማሪዋ።

«‹እስከ መቼ ትደብቃለህ? እኔው እነግራቸዋለሁ› ሲል ነው ባሌን የሰማሁት፤ ለማን እንደሆነ አላየሁም» አለች የሟቹ ሚስት። «ባንዲራ እንደሆነ ያለንን ሁሉ አቃጥያለሁ።»

መርማሪዋ ሬሳውን አተኩራ አየች። ሰማያዊው በግራ ትከሻው፣ የወፏ ምንቃር ወደ ራሱ፣ ጠርዙ ወደ ውስጥ ታጥፏል። ሻለቃው እስከ ማታ ወህኒ ሊወርድ ነው።

ከሰዓት ሬሳ ሣጥኑ መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ ሁሉንም ሰበሰበች።

«ያለበሰው ሰው ክብር ዘብ ሬሳ የሚያለብስበትን ደንብ ያውቃል። በድንጋጤ መሐል እንኳ እጁ አልሳተም። ሻለቃ፣ እስቲ ሣጥኑን አልብሰው ያሳዩን።»

አንድ ፖሊስ ካቴናውን ፈታለት። ሻለቃው ባንዲራውን አገላብጦ አገላብጦ ወፏን ወደ እግር አዞራት፤ ነጩም በግራ ዋለ።

«በጦሩ ውስጥ ሥራዎ ምን ነበር?»

«ወጥ ቤት» አለ በቀስታ። «አንዴ ሻለቃ ነበርኩ ብዬ አወራሁ፣ ከዚያ በምን አፌ ልመለስ?»

«እንግዲህ ያለበሱት እርስዎ አይደሉም። ሟቹ ‹ትደብቃለህ› ያለውም ይህን ባንዲራ በክብር ዘብ ተሸክሞ ዛሬ የካደውን ነው። ተገፍቶ ብረቱ ላይ ወደቀ፤ የገፋው ደግሞ ሸፈነው፣ ስለሚወደው።» ማንንም አላየችም። «በሉ፣ እንዲሁ እንዳለ ይቀበር።»

ወንድምየው ተስፈነጠረ። «ጋሼን? ተዘቅዝቆ?»

ባንዲራውን አነሳ፣ አዞረ፣ ሰማያዊውን ወደ ግራ ትከሻ፣ ምንቃሯን ወደ ራስ አደረገ፤ ጠርዙን በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ ወደ ውስጥ አጠፈ። ወደ ኋላ ብሎ ተረከዙን ገጠመ።

ማንም አላዘዘም፤ ሁሉን አቃጥያለሁ ያለችው ሚስት ተነሳች፣ ፖሊሱም ኮፍያውን አወለቀ። ሻለቃው ሌሎቹ እንዴት እንደሚቆሙ አየና እንደነሱ ቆመ።

ወንድምየው ያን ጊዜ እጆቹን አየ።