አሥራ ስድስት ጫማ ጥላ

አታምኑኝም። አውቃለሁ።

ስልካችሁ ላይ ያለውን ሁሉ ታምናላችሁ፤ አንዲት አሮጊት በዓይኗ ያየችውን ስትነግራችሁ ግን ትስቃላችሁ። ሳቁ። እኔ ሰባ አራት ዓመቴ ነው፤ ለመዋሸት ምን ጎድሎኝ?

የሆነው መካኒሳ፣ ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ልጄ ግቢ ውስጥ ነው። ባለፈው ሚያዝያ። ሌሊትም አልነበረም። ሌሊትን የሚፈራ ሰው ቀትርን አያውቅም።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል... ፀሐይ አናት ላይ።

የምትጽፍልኝ የጎረቤቴ ልጅ ጸደንያ ናት። "አንድም ቃል እንዳታሳምሪ" ብያታለሁ።

ስሜ ማናዬ ነው። ፊደል አልቆጠርኩም። አላፍርበትም፤ የቆጠሩትን አይቻቸዋለሁ።

ሰዓትም አላስርም። አባቴ ያስተማረኝ ጥላ መለካት ነው። ሜዳ ላይ ቀጥ ብለህ ትቆማለህ፤ የጥላህ ጫፍ ላይ ጠጠር ታስቀምጣለህ፤ ከዚያ ተረከዝህን ከጣትህ እያገጠምክ በጫማህ ትቆጥራለህ። ጠዋት ረጅም ነው። ቀትር ላይ ጥላ ሁሉ ባለቤቱ እግር ስር ይገባል። በሚያዝያማ ጨርሶ ይጠፋል።

ስልሳ ዓመት ለካሁ። ጥላ አንድ ቀን ዋሽቶኝ አያውቅም።

እዚያ ግቢ እስክገባ ድረስ።

ልጄ ፅጌረዳ በመጋቢት የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። ወንድ ነው። ላርሳት ሄድኩ።

ባሏ ሚሳኤል የታሪክ አስተማሪ ነው። ከሥራ ሲመለስ ደግሞ በስልኩ ስለ ጥንት ዘመን ያወራል፤ የሚሰማው ሰው አለ አሉ። ይሄ ሰው ሲያደንቅ የሚውለው መቃብር ነው። የፈርዖን መቃብር። የቻይና ንጉሥ መቃብር። የህንድ ንግሥት መቃብር። አንድ ቀን እንኳ የሕያው ሰው ቤት ሲያደንቅ አልሰማሁም።

ድሮ "የተማረ ይግደለኝ" ይባል ነበር። ይኸው ተማረ። ሊገድለን ምንም አልቀረው።

ልጁ ሦስት ሳምንት ሲሆነው ሚሳኤል በአይሱዙ ድንጋይ አስጭኖ መጣ። ከወደ ደቡብ፣ ከአንድ ገበሬ ማሳ ዳር ነው አለ። ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል። ፊቱ ላይ ሦስት ጎራዴ ተቀርጾበታል፤ ሟቹ የገደለው ሰው ቁጥር ነው ይላሉ። አናቱ በቀኝ በኩል ተሸርፏል።

ዋቅቶላ የሚባል ግንበኛ የግቢውን አጥር ይሠራ ነበር። ድንጋዩን ሲያይ መዶሻውን አስቀመጠ።

"ቲቸር... ይሄ እኮ የመቃብር ነው።"

"ቅርስ ነው በል።"

"ቅርስም ይሁን። ከሥሩ ሰው አለ።"

"ሰውየው እዚያው ቀርቷል። እኔ ያመጣሁት ድንጋዩን ብቻ ነው" አለና ሳቀ። ብቻውን።

ዋቅቶላ አልነካም አለ። ሚሳኤል ራሱ ሲሚንቶ አቡክቶ ግቢው መሃል አቆመው። የጥንት ግብፆች በሐውልት ጥላ ሰዓት ያውቁ ነበርና እሱም ሊያውቅ ነው። ዙሪያውን በነጭ ቀለም ቁጥር ጻፈ።

"እማማ፣ ይኸው ሰዓት! ከእንግዲህ በእግርዎ እየለኩ አይለፉም።"

"ሰዓት ያለው ስልክ ኪስህ ውስጥ አለ። ድንጋይ ምን አስጫነህ?"

"አይገባዎትም።"

እውነቱን ነው። እስካሁንም አልገባኝ።

ልጁ በተወለደ በሠላሳኛው ቀን የሽንት ጨርቁን ላሰጣ ወጣሁ።

የእኔ ጥላ የለም፤ እግሬ ስር ገብቷል። የባልዲው ጥላ የለም። የማስጫው እንጨት ጥላ የለም።

የድንጋዩ ግን... አለ።

ረጅም። ጥቁር። ሲሚንቶው ላይ ተጋድሟል።

ፀሐይን አየሁ። አናቴ ላይ ናት። ጥላውን አየሁ። አልሄደም። በባዶ እግሬ ለካሁት። ሰባት ጫማ። ሲሚንቶው ከእግሬ ስር እንደ ጓዳ እንስራ ይቀዘቅዛል። የሚያዝያ ሲሚንቶ!

ሚሳኤልን ጠራሁት። መጣና አንገቱን አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ አዘነበለ።

"አሃ... ቁጥሮቹን የጻፍኩት ተሳስቼ ነው።"

ብሩሹን አምጥቶ ቁጥሩን አዛወረ።

ፀሐይ ከአናቱ፣ ጥላ ከፊቱ... ሰውዬው ቁጥር ያርማል!

በማግስቱ ስምንት ጫማ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ዘጠኝ። ጥላው ያለፈበት ቦታ ላይ ያሰጣሁት ጨርቅ ቀኑን ሙሉ ሳይደርቅ ዋለ። የጎረቤት ዶሮ እየጫረች መጥታ ጫፉ ጋ ስትደርስ ቆመች... ከዚያ ዞራ ሄደች።

የሚሄደው ደግሞ ወዲያና ወዲህ ሳይል ነው። ቀጥ ብሎ... ወደ አራሷ በር።

ከድንጋዩ እስከ በሩ አሥር ጫማ ነው። ከበሩ እስከ አልጋው ስድስት። አሥርና ስድስት አሥራ ስድስት ነው፤ ይሄን ለማወቅ ትምህርት ቤት አያስፈልግም። በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን አልጋው ስር ይደርሳል።

ልጁ ክርስትና የሚነሳው በአርባኛው ነው።

በአንድ ቀን ይቀድመናል።

ዋቅቶላን "በመዶሻ በለው" አልኩት።

"አዴ ማናዬ፣ የሰው ቤት ነው። እኔ የሞተ ሰው ቤት አላፈርስም።"

"ፈሪ!"

"አዎ" አለ። አላፈረም። ከሁሉም ልብ ያለው እሱ ነበር፤ ያኔ አላወቅኩለትም።

በሠላሳ አምስተኛው ቀን፣ በቀትር፣ አራሷ ክፍል ውስጥ ነበርን። እስከዚያ ቀን ልጁ በዚያ ሰዓት ያለቅስ ነበር። ያን ቀን ጸጥ አለ።

"እማዬ..." አለች ፅጌረዳ በሹክሹክታ። "በሩን ዝጊው።"

"ተዘግቷል።"

"መጋረጃውንስ?"

"ተጋርዷል።"

"ታዲያ... ይሄ ምንድን ነው?"

ወለሉ ላይ፣ ፕላስቲክ ምንጣፉ ላይ ተጋድሟል። ከክፍሉ ጨለማ የጠቆረ። አናቱ በቀኝ በኩል የተሸረፈ። በተዘጋ በር ገብቶ።

ልጁን አየሁት። ያ አንገቱ ያልጠና ሕፃን... አንገቱን ወደ ወለሉ አዙሯል።

ፈገግ ብሏል።

አራስ በቀትር ከቤት አትወጣም። ስለዚህ አልጋውን ጎትቼ ወደ ሌላኛው ጥግ ወሰድኩት። በማግስቱ ጥላው ከበሩ ገባና... ታጠፈ። እንደ ክንድ ታጥፎ ወደ አዲሱ ጥግ ዞረ። ቆጠርኩ። አንድ ጫማ ጨምሯል።

ሚሳኤል ከሥራ ሲመጣ ደጅ ላይ ያዝኩት።

"ድንጋዩን አንሣ።"

"እማማ፣ ጥላ በተዘጋ በር አይገባም። ይሄ ሳይንስ ነው።"

"ነገ ቀትር ላይ እቤት ቅርና እይ።"

"ነገ ፈተና አለብኝ። ደግሞ ቅርስ ማፍረስ ወንጀል ነው።"

"ከመቃብር ነቅሎ ማምጣቱስ?"

ስልኩን አወጣ። መልስ ያጣ የተማረ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው።

ሠላሳ ዘጠነኛው ቀን ደረሰ።

ፅጌረዳ ልጁን አቅፋ አልጋው ላይ ከግድግዳው ጋር ተለጠፈች። እኔ ነጠላዬን አደገደግኩና በባዶ እግሬ አልጋው ፊት ቆምኩ።

ስድስት ሰዓት ተኩል።

መጣ።

በፊት ሲንቀሳቀስ አይቼው አላውቅም ነበር። ያን ቀን አየሁት... እንደ ፈሰሰ ዘይት፣ ቀስ እያለ።

"እማዬ... ተይው፣ ነይ..."

"ዝም በይ።"

እኔ በሕይወቴ ለሰው አልተሽቆጠቆጥኩም፤ ለድንጋይ ልሽቆጠቆጥ?

"አንተ!" አልኩት። "ጎራዴህን ለማን ነው የምታሳየው? ሦስት ሰው ገደልኩ ብለህ? እኔ ሰባት ወልጄ ስድስቱን በእጄ ቀብሬያለሁ። ከአንተ አላንስም። ይቺ የቀረችኝ ናት። ልጇ ጋ ልትደርስ ነው? እንግዲያው በእኔ በኩል እለፍ!"

እንዲህ አልኩ። በዚህ አፌ።

ጫፉ አውራ ጣቴን ነካ። ቅዝቃዜው ቁርጭምጭሚቴን ያዘ። ጉልበቴን። እምብርቴን። ጉሮሮዬን...

ከዚያ ለቀቀኝ። ወለሉ ላይ ምንም የለም።

"ሄደ?"

"ሄደ።"

ኮራሁ። ምን አስዋሸኝ? ኮራሁ!

በማግስቱ ጠዋት አቦ ክርስትና ተነሳ። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጣለ፤ ሰው ሞላ። ቀትር ላይ ሚሳኤል እንግዳውን ሁሉ ድንጋዩ ዙሪያ ሰበሰበ።

"እዩ! ልክ ስድስት ሰዓት ተኩል! ጥላው ገብቷል! ፈርዖኖች እንዲህ ነበር የሚያውቁት!"

እውነትም ገብቷል። ከድንጋዩ ስር አንዲት ጣት እንኳ አይወጣም። አጨበጨቡለት። ፎቶ ተነሱ። በአገሩ የጠፋው ሞኝ ሁሉ እዚያ ነበር።

ዋቅቶላ አጠገቤ ቆሟል። ድንጋዩን አያይም። የሚያየው እግሬን ነው።

"አዴ ማናዬ..."

"ምን?"

"ጥላዎ..."

ጎንበስ አልኩ።

ሰው ሁሉ ጥላው እግሩ ስር ገብቷል። የእኔ ከፊቴ ተጋድሟል። ረጅም። ጥቁር። ነጠላ የለውም። እጅ የለውም። አናቱ በቀኝ በኩል... ተሸርፏል።

ወደ ድንኳኑ ነው። ወደ ልጁ።

በዓይኔ ለካሁት። ሰባት ጫማ።

"ዝም በል" አልኩት ዋቅቶላን።

በዚያው ቀን ጓዜን ይዤ ወጣሁ። ፉሪ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ዘመድ ሁሉ "ከአማቿ ተጣልታ የልጅ ልጇን ጣለች" እያለ ያወራል። ያውራ። "ክርስትና ከተነሳ ወዲያ ምን ያደርገዋል?" የምትሉም አትጠፉም። በእናንተ ልጅ ሞክሩት። በእኔ የልጅ ልጅ አይሞከርም።

ፉሪም በየቀኑ ቀትር ላይ እየወጣሁ ለካሁ። ጥላው ዘወትር ወደ መካኒሳ ነው። በቀን አንድ ጫማ ይጨምራል። ሰኔ ሲገባ አጥሩን አልፎ ሄዶ ነበር። ከፉሪ እስከ መካኒሳ ስንት ጫማ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ቀድሜ እንደምሞት ግን አውቃለሁ። ያ በቂዬ ነው።

ክረምቱ ገባ። ደመና ሆነ። ጥላ የለም። እፎይ አልኩ።

ፅጌረዳ በየሳምንቱ ትደውላለች።

"እማዬ፣ ምን አደረግንሽ?"

"ምንም።"

"ታዲያ ልምጣ?"

"አትምጪ።"

ባለፈው ቅዳሜ ፀሐይ ወጣች። የመስከረም ፀሐይ፣ የጠራች። ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ግቢው መሃል ቆምኩ።

ጥላው አለ። ግን ወደ መካኒሳ አይደለም።

ዞሯል። ወደ ቆርቆሮው በር።

አጥሩንም አላለፈም። ተሰብስቦ እበሩ ስር ቆሟል፤ ሰው እንደሚጠብቅ። በዓይኔ ቆጠርኩ። አሥራ አራት... አሥራ አምስት... አሥራ ስድስት።

በሩ ተንኳኳ።

"እማዬ፣ ክፈቺ። እኛ ነን።"

"አትምጪ አላልኩሽም? ተመለሺ!"

"ሰባት ወር ሊሞላው ነው እኮ! መዳህ ጀመረ። አንቺን ሳያይሽ ሊያድግ ነው?"

"ፅጌረዳ... ልጁ የት ነው ያለው?"

"ይኸው፣ እዚህ መሬት ላይ አስቀምጬው..."

"አንሺው!"

ወደ ኋላ ልሸሽ አልኩ። እግሬ እንቢ አለ። ሲሚንቶ ውስጥ የተተከለ ይመስል... ንቅንቅ አልል አለ።

በበሩና በመሬቱ መሃል አንድ ስንዝር ክፍተት አለ። በዚያ በኩል ትንሽ እጅ ገባች። መዳፏ የተከፈተ። ከበሩ ወዲያ ልጁ ሲስቅ ይሰማኛል።

የጥላውን የተሸረፈ አናት ዳሰሰው... ያዘው... ጎተተው።

እኔም ተጎትቼ አንድ እርምጃ ወደ እሱ ሄድኩ።