ከሰባት ቤት ወዲያ

ዩኒቨርሲቲው ለባዮሎጂ መምህራን በሚሰጠው የክረምት ሥልጠና ላይ ለእኔ የደረሰኝ ማንም ያልፈለገው ርዕስ ነበር፤ የዝግመተ ለውጥ ታሪክ። ከሆላንድ ወደ ጎንደር ከተመለስኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ለምን እንደተመለስኩ ሲጠይቁኝ ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ መልስ እሰጣለሁ፤ ለራሴ የምሰጠው ግን አልነበረኝም። እዚያ ያስተማሩኝ ፕሮፌሰር እስከ መስከረም ድረስ ቦታ ይዘው እንደሚጠብቁኝ ነግረውኛል። እኔም እሺም እንቢም ሳልል ክረምቱ ገባ።

ከኋላ ረድፍ አንድ ቀጠን ያለ መምህር እጁን አወጣ።

«እዚህ ምዕራፍ ላይ ስደርስ ተማሪዎቼ ‹ቲቸር፣ እርስዎ ከየትኛው ዝንጀሮ ነዎት?› ይሉኛል። ምን ብዬ ልመልስላቸው?»

አዳራሹ ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም።

«ዝንጀሮ አያታችን ነው የሚል ሳይንስ የለም» አልኩት። «የሩቅ ዘመዳችን ነው። እሱም እኛም ከአንድ የጥንት አያት ወርደን ተለያየን።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ዘመድነቱ በሰባት ቤት ውስጥ ነው ወይስ ከሰባት ቤት ወዲያ?»

በዚህ ጊዜ እኔም ሳቅሁ። በአገራችን እስከ ሰባት ትውልድ ተቆጥሮ ዝምድና ከተገኘ ጋብቻ የለም። አንድ የጎንደር መምህር ይህን ሕግ ለዝንጀሮም ያነሣል ብዬ አልጠበቅሁም። ሳቄን ስጨርስ እያየኝ ነበር። ዓይኔን ወደ ሰሌዳው መለስኩ፤ የምጽፈውን ግን ረሳሁት።

ስሙ መዝሙር ነው። የጃናሞራ ልጅ ነው፤ አባቱ መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ መካነ ብርሃን ላይ ዜማ ያስተምራሉ። እሱም በልጅነቱ ዲያቆን ነበር። በሻይ ሰዓት አጠገቤ ቆሞ፣ ያንን ምዕራፍ አንድ ጊዜም አስተምሮት እንደማያውቅ ነገረኝ። «ራሳችሁ አንብቡት» ብሎ ያልፈዋል። አባቱ ቢሰሙ ምን እንደሚሉ መገመት አልፈለገም።

ሥልጠናው ሲያልቅ መምህራኑን ይዘን ወደ ሰሜን ተራሮች ወጣን። ሳንቃ በር ላይ ጉም ከገደሉ ሥር እየወጣ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን አንዴ ይሸፍናቸዋል፣ አንዴ ይገልጣቸዋል። ተቀምጠው ሣር እየነጩ ይበላሉ። ሌሎቹ ፎቶ ሲያነሡ እኔና መዝሙር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን።

«ያ ዳርዊን የሚባለው ሰው» አለኝ፣ «ከሃይማኖት ተጣልቶ ነው አይደል የተነሣው?»

«እንዲያውም ቄስ ሊሆን ተምሮ ነበር። እንደ አንተ።»

«እኔ ዲያቆን ብቻ ነበርኩ።»

ያወቅሁትን ነገርኩት። ሰውየው ሐሳቡን ለብዙ ዓመት በውስጡ ይዞ እንደቆየ፤ ሲያወጣው የአገሩ ካህናት እንዴት እንደተቆጡ፤ ኋላም እሱ ያላለውን እሱ እንዳለው አድርገው፣ ጉልበተኛ ደካማውን መርገጡ ተፈጥሮ ነው የሚሉ ሰዎች በስሙ እንዴት እንደነገዱ። በመጨረሻ የአጎቱን ልጅ ማግባቱን ስነግረው መዝሙር ዞሮ አየኝ።

«የሥጋ አጎቱን ልጅ?»

«የእናቱን ወንድም ልጅ። ሦስት ልጆች ሞተውበታል። ምናልባት በዝምድናችን ይሆን እያለ ዕድሜ ልኩን ሲጨነቅ ኖረ።»

«ሽማግሌ ልኮ ዘር የሚቆጥርለት ሰው አልነበረውማ» አለ በሐዘን፤ ለሞቱት ልጆች ከልቡ እንዳዘነ ገባኝ። ጉሙ እኛንም ሸፈነን። እጁ እጄን ሲይዝ አላየሁትም፤ ብቻ እንደሞቀኝ አውቃለሁ።

የነሐሴን መጀመሪያ እንዲህ አሳለፍን፤ በፋሲል ግቢ አጥር ሥር እየተራመድን፣ ዝናብ ሲመጣ የሱቅ በረንዳ ላይ ተጠግተን ሳንነጋገር እየቆምን። አንድ ቀን እዚያው በረንዳ ላይ ሽማግሌ ልልክ ነው አለኝ። እኔም ላክ አልኩት።

አባቴ ዕንባቆም አዘዞ ላይ ወፍጮ ቤት አለው። ሽማግሌዎቹ እሑድ ዕለት መጡ፤ የሚመሩት የመዝሙር ታላቅ አጎት አያ ተክለ ጊዮርጊስ ነበሩ። ልጅቷ ተወደደች፣ ልጁ ተመሰገነ፤ ከዚያ ቆጠራው ተጀመረ። በእኛ በኩል የምትቆጥረው አክስቴ እንኳየሁ ናት፤ የእኛም ዘር ከጃናሞራ ነው፣ እሷም የማታውቀው ሙት የለም። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። አንዱ ስም ይጠራል፣ ሌላው ይጠራል። ስድስተኛው ቤት ላይ አክስቴ «አለቃ ወልደ ሥላሴ፣ የመካነ ብርሃንን ደብር የተከሉት» አለች።

አያ ተክለ ጊዮርጊስ ዋንጫቸውን ሲያስቀምጡ ሰማሁ።

«የእኛም ስድስተኛ እሳቸው ናቸው» አሉ።

ሽማግሌዎቹ የተቀዳላቸውን ጠላ ሳይጨርሱ ተነሡ።

አያ ተክለ ጊዮርጊስ ግን በሳምንቱ ብቻቸውን ተመልሰው መጡ። መዝሙርን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ ነገሩ ከነከናቸው። አባቴ ባለበት አጠገባቸው አስቀመጡኝና ዘዴ እንዳለ ነገሩኝ። እኔ የዘር ነገር የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ደማችንን መርምሬ ዝምድና የለም ብዬ በማኅተም ብሰጣቸው፣ ሽማግሌው ይቀበላል፣ መሪጌታም ከተማረ ሰው ቃል አይወጡም።

«አያ፣ እንዲህ የራቀን ዝምድና መሣሪያው ብዙ ጊዜ አያየውም» አልኳቸው። «አላየሁም ማለት ግን የለም ማለት አይደለም።»

«ምነው ልጄ፣ አላየሁም በይ ማን አለሽ? የለም በይ ነው ያልንሽ።»

«ትምህርቴ የሚለው ተቃራኒውን ነው። ሁላችንም ዘመዳሞች ነን ነው የሚለው። እርስዎም፣ እኔም፣ ጭላዳውም።»

«ጭላዳውን እንኳ ተይው» አሉ፤ «እሱን ለጋብቻ የጠየቀ የለም።»

አባቴ ፈገግ ብሎ ነበር፤ ወዲያው ግን ፈገግታው ጠፋ። «አያ ተክለ ጊዮርጊስ፣ እኔ ወፍጮ ቤት ያረጀሁ ሰው ነኝ» አላቸው። «ሚዛን በጣቱ የሚነካ ሰው ምን እንደሚባል አውቃለሁ። ልጄን አንጠይቃት።»

ማታውን መዝሙር ደወለ። አንተስ ምን ትላለህ አልኩት። 

«አንድ ቃል ነው እኮ፣ ምስጢር» አለ፣ ስሜን ቀስ ብሎ ጠርቶ። «ማንም መልሶ አይጠይቅሽም።»

ስልኩን ዘጋሁት። ፕሮፌሰሩን አሰብኳቸው፤ እሺ ብል በመስከረም ሆላንድ ነኝ። እዚያ ማንም የማንንም ዘር አይቆጥርም። ግን ከዚህ ቤት ሸሽቼ ብሄድ፣ እዚያም ሄጄ የማስተምረው ይህንኑ ነው፤ ከየት እንደመጣን እውነቱን ለመናገር አንፈር የሚለውን። እዚህ ያልተናገርኩትን እዚያ ብናገረው ምን ዋጋ አለው? መካነ ብርሃን ሄጄ መሪጌታን ፊት ለፊት ላነጋግር ወሰንኩ። እንቢ ካሉኝ ከራሳቸው አንደበት ልስማው።

ደባርቅ ላይ መኪና ቀይሬ ስቀመጥ አንድ ሰው አጠገቤ መጣ። ጫማው ጭቃ በጭቃ ነው።

«ምነው መጣህ?» አልኩት።

«ምዕራፉን አስተማርኩት» አለ መዝሙር። «ትምህርት ገና አልተከፈተም፤ የማጠናከሪያ ተማሪዎቼን ሰብስቤ አስተማርኳቸው። ‹ከየትኛው ዝንጀሮ ነዎት?› አሉኝ። መለስኩላቸው፤ ከቆምኩበት አልተነቃነቅሁም።» ትንሽ ቆይቶ «የጠየቅሁሽ ነገር አሳፈረኝ» አለ። «እንደምትሄጂ አባትሽ ነገሩኝ፤ ወደ አባቴ ብቻሽን አትገቢም።»

መኪናው ሲያንገጫግጨን ትከሻዬን ከትከሻው አላነሣሁም።

መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስን ከደብሩ ቅጥር በር ተቀምጠው አገኘናቸው። ነጭ ጺም፣ ረጋ ያለ ድምፅ። ልጃቸውን ባርከው ዝም አሉት፤ እኔን ግን ምን እንደማስተምር ጠየቁኝ። ባጭሩ፣ አሉ።

«የኔታ፣ የገብስ ማሳ ያስቡ። ዛላው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ውርጭ ይመጣል። ብዙው ይቃጠላል፤ ውርጭ የሚችለው ይተርፋል። ለከርሞ የሚዘራው የተረፈው ዘር ነው። ይህ ሲደጋገም ዘመን ካለፈ በኋላ ማሳው ሌላ ማሳ ይሆናል።»

«የሚመርጠው ማነው?»

«ውርጩ።»

«ውርጩንስ የላከው?»

«እሱ የእርስዎ ትምህርት ነው፤ በእኔ መሣሪያ አይለካም።»

ጺማቸውን ዳሰሱ። «ተክለ ጊዮርጊስ አንድ ነገር ለምኖሽ እንቢ አልሽው አሉ። ለልጄ ስትይ መዋሸት ከበደሽ?»

«ለልጅዎ ብዬ ነው ያልዋሸሁት። ቤታችን በሐሰት ከተመሠረተ፣ ልጆቻችን ከየት መጣን ሲሉን ምን እንላቸዋለን?»

መሪጌታ ለረጅም ጊዜ ወደ ደብሩ ጉልላት አዩ። በመጨረሻ ለመዝሙር፣ ሽማግሌው በመጪው እሑድ ተመልሶ ዕንባቆም ቤት ይሰብሰብ፤ እኔም እመጣለሁ አሉት።

እሑድ እኔ ጓዳ አልገባሁም። ከአባቴ ጎን ቆምኩ። መሪጌታ ተነሥተው ራሳቸው መቁጠር ጀመሩ። አምስተኛው ስም ላይ ቆሙ።

«ተረፈ» አሉ። «የእኛ ቤት እስከ ዛሬ ተረፈ ወልደ ሥላሴ ሲል ኖሯል። እኔም ስል ኖሬያለሁ። የደብሩ ተካይ ዘር ነን እያልን ከፊት ተቀምጠናል። አባቴ ሊሞት ሲል የነገረኝ ግን ሌላ ነው። ተረፈ በረሃብ ዘመን ከአዲ አርቃይ በኩል የወጡ ስደተኞች መንገድ ላይ ሞተው፣ ከመካከላቸው በሕይወት የተገኘ ሕፃን ነው። አለቃ ጡት አስነክሰው እንደ ልጃቸው አሳደጉት። አባቱ አይታወቅም። አገሩም አይታወቅም። እኛ የእሱ ልጆች ነን።»

አያ ተክለ ጊዮርጊስ የወንድማቸውን ፊት ማየት አቃታቸው።

«ጡትስ ከደም ያንሳል?» አለ ከሽማግሌዎቹ አንዱ።

«ጡት ያሳድጋል፤ ደም አይለውጥም። በዚህ የሚጠየቅ ካለ እኔ ልጠየቅ።» መሪጌታ ወደ እኔ ዞሩ። «ይቺ ልጅ ጭላዳ ዘመዴ ነው ስትል አላፈረችም። እኔ መንገድ ላይ በወደቀ ሕፃን አፍሬ ኖርኩ።»

አክስቴ እንኳየሁ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። «እንግዲህ ሸጋ ነው» አለች። «ከተረፈ በላይ የሚታወቅ ከሌለ ቆጠራው እዚያ ይቁም። ከዚያ ወዲያ ያለው አዳም ነው፤ በአዳም የሚከለከል ጋብቻ የለም። ጠላ ይቀዳ!»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ አያ ተክለ ጊዮርጊስም ሳቁ፤ አባቴም ለመቅዳት ተነሣ። እኔ ከአዳም ወዲያ ስላለው ነገር የምለው ብዙ ነበረኝ፤ ልናገርም አፌን ከፈትኩ።

መዝሙር ከቤቱ ማዶ አየኝ። ዛሬን ብቻ ተይው፣ የሚል ዓይን ነበር። ከዚያ ፈገግ አለ፤ እኔም ነገ አሳይሃለሁ በሚል ዓይን መለስኩለት። ያን ጊዜ እንደማልሄድ አወቅሁ፤ መስከረም ሳይጠባ ለፕሮፌሰሩ ቦታውን ለሌላ ሰው ይስጡት ብዬ ነገርኳቸው።