ያልቀላው የጆሮ ጫፍ

ሽማግሌው አናጢ አልጋቸው ላይ በጀርባቸው ተንጋለው ሞተው ተገኙ። ከንፈራቸው ጠቁሯል፤ ጆሮዎቻቸው እንደ ፍም ቀልተዋል። የአስከሬን መርማሪዋ ሐኪም ስትደርስ ፖሊሱ በሟቹ ምራት እጅ ላይ ካቴና አስገብቶ ነበር። ባሏ ለሥራ ርቆ ሄዷል፤ የምታጠባው ሕፃን ጓዳ ውስጥ ያለቅሳል። እሷ ብትታሰር ያንን ነፍስ ማን ያየዋል?

«ጆሮውን ስትጎትተው ከርማ አፍናው ነው!» አሉ የሟቹ ታላቅ እህት። «እኔ እንደሆን ማታ ክፍሉ ደጃፍ አልደረስኩም።»

ሐኪሟ ወደ ምራቲቱ ዞረች። «ምን ያማቸው ነበር?»

«ጆሯቸውን፣ አፍንጫቸውን። ድምፃቸውም ጎርንኖ ነበር። ጉንፋን ነው ተብሎ ሽሮፕ ሰጡን። ሲተኙ ትንፋሻቸው ስለሚያፏጭ ትራስ ደራርቤ አስቀምጣቸዋለሁ።»

«አስቀምጣለሁ ትላለች እንዴ! እንደ ሰው ለጥ ብሎ የተኛው ትናንት ብቻ ነው፣ የኔ ምስኪን!»

ሐኪሟ ቀና ብላ አየቻቸው። የሟቹን ጆሮ ዳሰሰች፣ መሃሉ የሰረጎደውን አፍንጫ ጫን አለች፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቷቸውን ቆማ አየች።

በማግስቱ ጣቢያ ያደረችውን ምራቲቱን ጨምሮ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ሕፃኑ ጡጦ እምቢ ብሎ ሲያለቅስ ስላደረ ድምፁ ተዘግቷል።

«ጆሮ የሚጎትት ሰው የሚይዘው ጉትቻ የሚንጠለጠልበትን ጫፍ ነው» አለች። «የሳቸው ጫፍ አልቀላም። የቀላው ለስላሳ አጥንት ያለበት ብቻ ነው። ፎቶው ላይ ቀጥ ያለው አፍንጫም ሰርጉዷል፤ እሱም ለስላሳ አጥንት ነው። የአየር ቧንቧቸውን ስንከፍተው እንደ ራሰ ካርቶን ለዝቧል። ሰውነት የገዛ ለስላሳ አጥንቱን የሚያቆስልበት በሽታ ነው፤ ብዙ ሐኪም በዕድሜው አያጋጥመውም። የመታፈን ምልክት ግን የለም።»

«ታዲያ ምነው ያን ሌሊት ሞቱ?» አለ ፖሊሱ።

«ሲቀመጡ ቧንቧው ይከፈታል፤ ሲንጋለሉ ይጣበቃል። ያን ምሽት ትራሱን ያነሣ ሰው አለ። እትዬ፣ ደጃፉ ሳይደርሱ ለጥ ብለው መተኛታቸውን በምን አወቁ?»

እህትየው ሻርፓቸውን ጨበጡ። «አንገቱን እንዳያመው ብዬ ትራሱን አነሣሁለት ... ፈርቼ ዋሸሁ። እኔ ነኛ የገደልኩት?»

«በሽታው ነው። መንጋለል እንደሚጎዳቸው ማንም አልነገረዎትም።»

ፖሊሱ ካቴናውን ፈታ። ምራቲቱ ሮጣ ሕፃኑን አነሣች፤ አጥብታው ሲረጋ ወደ እህትየው መጣች።

«እትዬ፣ ይያዙልኝ፤ ፊቴን ልታጠብ።»

እሳቸው እጃቸውን ሻርፓቸው ውስጥ ደበቁ። «ይቅርብኝ ልጄ፤ ይሄን እጅ አላምነውም።»

ምራቲቱ ሕፃኑን ጭናቸው ላይ አጋድማ ለቀቀችው።

«ኧረ ይወድቃል፣ ይያዙት እንጂ!» አለች።

እሳቸውም ያዙት።