አራተኛዋ ጉርድ ፎቶ

በትምህርት ቤታችን በር ላይ የተለጠፈውን የወላጆች ደንብ በእጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፕሪንተሩ ተበላሽቶ ነበር። ርዕሰ መምህሩ «ነጅዋ፣ ያንቺ ጽሑፍ ከማሽን ይሻላል» ብለው አሥራ አንዱንም ተራ ቁጥር በሰማያዊ ማርከር አስጻፉኝ። ደስ ብሎኝ ነበር። ሪከርድ ክፍል የሚሠራን ሰው ማን ያመሰግነዋል?

የመረከቢያ ካርድ ለሌለው ሰው ሕፃን አይሰጥም። ሦስት ቀን ያረፈደ ተማሪ ወላጁን ይዞ ይመጣል። በሩ ፊት ለፊት መኪና ማቆም ክልክል ነው። ወላጅ አባት ወይም እናት ሕጋዊ ማስረጃ ይዘው ከቀረቡ ልጃቸውን ይረከባሉ። ይቺን የመጨረሻዋን ስጽፍ ሻይ እየጠጣሁ ነበር።

ኢርሻድ የመጣው በጥቅምት ነው። የሂርና መስመር ሚኒባሱን ልክ በሩ ፊት ለፊት ገትሮ ወረደ።

«አሰላሙ አለይኩም። ረዲያን ልወስዳት ነው።»

«ወአለይኩም ሰላም። መጀመሪያ መኪናህን ከበሩ አንሣ።»

አንሥቶ ተመለሰ።

«ካርድ?»

«የምን ካርድ? አጎቷ ነኝ።»

«አጎት የሚባል ሞልቷል። ካርዱ ላይ ያሉት አያቷ ናቸው፤ አዴ ጣሂራ።»

«እሷማ እናቴ ናት። ስኳሩ ተነሥቶባት ተኝታለች አቦ።»

ረዲያ የሰባት ዓመት ልጅ ናት፤ አንደኛ ክፍል። በበሩ ብረት መሐል እጇን አሾልካ ሱሪውን ይዛ «ኤሱማ፣ ኤሱማ» ትለዋለች። በኦሮምኛ የእናት ወንድም ማለት ነው። እናቷ እሷን በወለደች በዓመቷ ሞታለች፤ አባቷ ሳዑዲ ነው፤ ይህ ሁሉ ፋይሏ ላይ አለ። ሰውዬው አጎቷ መሆኑን ልቤ አምኗል። ጣቴ ግን ወደ ደንቡ አመለከተ።

ሾፌር ነውና ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ከበሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እሷ ከውስጥ፣ እሱ ከውጭ ሆነው በጠጠር ሲጫወቱ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆዩ። በመጨረሻ ዘበኛችን ጋሽ ጀምበሩ አላስችላቸው ብሎ አዴ ጣሂራን በባጃጅ አመጧቸው። በጋቢ ተጠቅልለዋል፤ ላብ በላብ ሆነዋል። አፈርኩ። እሳቸው ግን እጄን ያዙና «አበጀሽ ልጄ። አደራ የሚጠበቀው እንዲህ ነው» ብለው መረቁኝ።

በማግስቱ ኢርሻድ ስሙን ካርድ ላይ ሊያስገባ መጣ። ሦስት ጉርድ ፎቶ ያስፈልጋል፤ አንድ ለካርዱ፣ አንድ ለፋይሉ፣ አንድ ለዘበኛው መዝገብ። እሱ አራት ሰጠኝ። ፎቶ ቤቱ የሚያጥበው አራት አራት ነው፤ የተረፈችውን መመለስ የዘወትር ሥራዬ ነው። ያን ቀን አልመለስኩም። ፎቶ አንሺው «አትሳቅ» ብሎት ሳቁን አፍኖ የተነሣት ፎቶ ነች። መሳቢያዬ ውስጥ፣ ከማኅተሙ ቀለም ጎን አስቀመጥኳት። ለምን እንዳስቀመጥኳት አውቃለሁ፤ አላውቅም ብል ውሸት ነው።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ይመጣል። ካርዱን አውጥቶ በሁለት እጁ ያሳየኛል።

«አወቅኩህ እኮ» እለዋለሁ።

«ደንብ ነው» ይለኛል።

እኔ ደግሞ ፎቶውንና ፊቱን አስተያያለሁ። ማስተያየቱ ከቀን ወደ ቀን ረዘመ። ጋሽ ጀምበሩ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፤ ረዲያ «እሱ ነው እኮ እትዬ» ትላለች።

በታኅሣሥ ረዲያ ማርፈድ ጀመረች። ሰኞ አረፈደች። ማክሰኞም አረፈደች። ረቡዕ ጠዋት የጥሪ ደብዳቤውን ልጽፍ ወረቀት ስስብ ኢርሻድ በሬ ላይ ቆሟል።

«ጠርታችሁኝ ነው።»

«ገና አልጻፍኩትም።»

«እንግዲያው ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ጻፊው።»

ቀና ብዬ አየሁት። ረዲያ ከኋላው አጮልቃ «ማዞሪያው ጋ ቆመን ነበር፤ በሩ ሲዘጋ ነው የመጣነው» አለች። ልጅ ምሥጢር አይቋጥርም። እሱ መሬት መሬቱን ያያል፤ ጆሮው ቀልቷል።

«ልጅቷ ሦስት ቀን ንባብ አመለጣት» አልኩት። ሳቄ ሊያመልጠኝ ስለሆነ ፊቴን አኮሳተርኩ። «ሁለተኛ እንዲህ ብታደርግ…»

«ምን ታደርጊኛለሽ?»

«ምንም አላደርግህም። ከፈለግክ ሳታስረፍዳት ና።»

ሳያስረፍዳት መምጣት ጀመረ። ከሂርና ሲመለስ ድንች ይዞልኝ ይመጣል። አበባ የሚሰጥ ወንድ በወሬ ሰምቻለሁ፤ ድንች የሚሰጥ ግን እሱን ብቻ ነው የማውቀው። እናቴ «ይህ ድንች ከየት ነው?» ስትለኝ «ከወላጅ» እላታለሁ። «ወላጁ ሚስት አለው?» አለችኝ አንድ ቀን። «የለውም» አልኩ፤ አፌ ቸኮለ። እናቴ ድንቹን መላጧን ቀጠለች።

ረመዳን ሲገባ ከመሥሪያ ጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ እንዲህ አለኝ፦

«እናንተ ቤት ሽማግሌ ለመላክ ምን ምን ያስፈልጋል?»

እጄ ላይ የነበረው እስክርቢቶ ወደቀ። ሳነሣው ጊዜ ወሰድኩ።

«ሦስት ሽማግሌ። አባቴ ቅዳሜ ነው ቤት የሚውለው።»

«ፎቶስ?»

«ፎቶ አያስፈልግም።»

«እርግጠኛ ነሽ?» አለና መሳቢያውን አየ። እኔም አየሁት።  ከአረፋ በኋላ እንዲሆን ተስማማን። አዴ ጣሂራ ሰምተው «ያቺ አደራ አዋቂ ልጅ ናት?» አሉ አለኝ። ያን ሰሞን ጭሮ ውስጥ ከእኔ በላይ ደስተኛ ሰው የነበረ አይመስለኝም።

በሚያዝያ፣ ሐሙስ ቀን፣ ጠዋት ረዲያን አድርሶ ወደ ቢሮዬ መጣ። አዴ ጣሂራ ሚኒባሱ ውስጥ ጋቢና ተቀምጠዋል፤ እግራቸው ላይ የወጣው ቁስል አልድን ብሏል።

«ሂርና ለሐኪም ላሳያት ነው። ዘጠኝ ተኩል ካልደረስኩ ረዲያ አንቺ ጋ ትቆይ። አደራ።»

«አደራ አይባልም፤ ሥራዬ ነው።»

«ለሥራሽ አይደለም የምሰጣት» አለኝ። «ላንቺ ነው።»

እሺ አልኩ። ያቺን እሺ ስንት ጊዜ መለስ ብዬ ሰምቻታለሁ።

ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ሰው ገባ። ቀጭን፣ ፀጉሩ ሳይሸብት ፊቱ ያረጀ። በብብቱ የጫማ ካርቶን ይዟል።

«አብዱናስር እባላለሁ። የረዲያ አባት ነኝ። አምስት ዓመት ሳዑዲ ነበርኩ። ድሬዳዋ ቤት ተከራይቻለሁ፤ ልወስዳት ነው።»

ሰነዱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋ፤ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ውል፣ የሚስቱ የሞት ምስክር ወረቀት፣ መታወቂያ። ሁሉም አለ። ዓይኑ የረዲያ ዓይን ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ምንኛ በተሻለኝ።

ኢርሻድ ጋ ደወልኩ። «የደወሉላቸው ደንበኛ…» አለችኝ ሴትዮዋ።

«የቀበሌ ደብዳቤ የለህም» አልኩት። በአርባ ደቂቃ የቀበሌ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዞ መጣ። «ሁለት ምስክር» አልኩት። አመጣ፤ አንዱን እኔም አውቀዋለሁ፣ የመሰላ ሰው፣ በሠርጋቸው ላይ የነበረ። «ሦስት ጉርድ ፎቶ» አልኩት። በሰው አገር የኖረ ሰው ፎቶ ከኪሱ አይጠፋም፤ አራት ሰጠኝ። አራተኛዋን ወዲያው መለስኩለት።

ደወልኩ። ደወልኩ። ጋሽ ጀምበሩን አዴ ጣሂራ ቤት ላክኋቸው፤ በሩ ተቆልፏል ብለው ተመለሱ። የምጠይቀው ወረቀት አለቀብኝ። በወረቀት ሰው ማቆም የማውቅ እኔ ነኝ፤ ያን ቀን ግን ሰውዬው ሁሉንም ይዞ ቀረበ።

ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ አሳዳጊው እስኪመጣ እናቆያት። ነገ ጠዋት ድረስ ብቻ።»

«አባትየው ከነማስረጃው ቆሞ ልጁን በምን ሥልጣን ነው የማቆየው?»

«አደራ ተቀብያለሁ።»

ፊታቸው አዘነ። «ነጅዋ፣ ደንቡ ላይ አደራ የሚል ቃል ጽፈናል?»

አልጻፍንም።

አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ረዲያን አመጣኋት። አባቷ ተንበርክኮ ካርቶኑን ከፈተ። ነጭ ጫማ ነው፣ አበባ ያለው። እግሯ አልገባም። ሁለት ቁጥር ያንሳታል፤ በልቡ የያዛት ልጅ ይህን ያህል አላደገችም ነበር። ደጋግሞ ሞከረ፣ ከዚያ ተወው። ረዲያ አዝናለት መሰለኝ ጫማውን ተቀብላ እቅፍ አደረገችው።

«እትዬ» አለችኝ፣ «ኤሱማ መጥቶ ቢያጣኝስ?»

«እነግረዋለሁ።»

«ካርድ አለው እኮ።»

«አዎ፣ አለው» አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ? አባቷ መዝገቡ ላይ ፈረመ። እኔም «አስረካቢ» በሚለው ሥር ስሜን ጻፍኩ። እጅ ጽሑፌ ያን ቀን እንኳ አልተበላሸም።

ኢርሻድ የደረሰው አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ተራራው ላይ ከባድ መኪና ተገልብጦ መንገዱ ተዘግቶ ውሏል፤ ኔትወርክም አልነበረም። እየሮጠ መጥቶ እንደ ልማዱ ካርዱን በሁለት እጁ አሳየኝ።

ነገርኩት። ሁሉንም፣ በቅደም ተከተል፣ ከቀበሌው ደብዳቤ እስከ ምስክሮቹ። አልጮኸም። ካርዱን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

«አለቀሰች?» አለኝ።

«አላለቀሰችም። መጥቶ ቢያጣኝስ አለች።»

ከሚኒባሱ ውስጥ የአዴ ጣሂራ ድምፅ «ልጅቷስ?» ሲል ተሰማ። እሱ ሄዶ ነገራቸው። ያ የመረቀኝ አፍ ያን ቀን ያለውን አልረሳውም። እየጮሁ አልነበረም፤ ቀስ ብለው ነው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፦

«የልጄን ልጅ በእጇ አሳልፋ የሰጠች አደራ በላ በሕይወት እያለሁ ቤቴ አትገባም። ወላሂ አትገባም።»

ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ለእኔ ሳይሆን ለረዲያ። አባት አባት ነው ተባለ፤ ክረምት ክረምት አያቷ ጋ ትመጣለች ተባለ። አረፋ አለፈ። የእኔን ሽማግሌ ያነሣ ሰው አልነበረም። እናቴ ድንች ከገበያ መግዛት ጀመረች።

በሰኔ መጨረሻ ከድሬዳዋ ደብዳቤ መጣ፤ ለረዲያ አዲስ ትምህርት ቤት መሸኛ ይፈለጋል። መሸኛ ለመስጠት ደግሞ ቀድሞ የተመዘገበው አሳዳጊ ራሱ ቀርቦ ካርዱን መመለስና መፈረም አለበት። ይህን አጥብቄ የምጠይቀው እኔ ነኝ። እሱን ደግሜ የማይበት መንገድ ይህ ብቻ ሆነ፤ ልጅቷን ፈርሞ ሊሰጥ ሲመጣ። ሁለት ሳምንት ስልኩን አንሥቼ አስቀመጥኩ። በመጨረሻ ደወልኩ።

መጣ። ከስቷል። መኪናውን ማዶ አቁሞ ነው የመጣው።

«የት ጋ ልፈርም?»

አሳየሁት። ፈረመ። ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«እናትህስ?»

«እግሯ ትንሽ ተሽሏታል። ልቧ ግን…» አቋረጠ። «ሁለቴ ለመንኳት ነጅዋ። በሁለተኛው እህል አልበላም አለች። የስኳር ሰው ናት።»

«አንተስ? አንተ ምን ትላለህ?»

ካርዱን ጠረጴዛው ላይ በጣቱ አዟዟረው።

«አንቺ ምን ማድረግ ትችዪ ነበር? ሌሊት ሌሊት ይህን እላለሁ። ጠዋት ዘጠኝ ተኩል መቼ ይደርሳል እላለሁ። ዘጠኝ ተኩል ሲደርስ ደግሞ የምመጣበት የለኝም።»

ማልቀስ አልፈለግኩም ነበር፤ አለቀስኩ። እጁን ጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ አስጠጋ፣ ሳይነካኝ መለሰው።

የተመለሰ ካርድ ፎቶው ላይ ይበሳል። መብሻውን አነሣሁ፤ አልቻልኩም። ከእጄ ወስዶ ራሱ በሳው፣ ከዳር፣ ፊቱ ሳይነካ።

«አራተኛዋስ?» አለኝ።

«የቷ አራተኛ?»

«አራት ነው የሰጠሁሽ። ሦስት እንደሚበቃ በሩ ላይ አንብቤያለሁ።»

መሳቢያውን ከፍቼ ፎቶዋን ከፊቱ አስቀመጥኩ። ጥግ ጥጓ በማኅተም ቀለም ወይን ጠጅ ሆኗል። አያት። ከዚያ በአንድ ጣቱ ወደ እኔ ገፋት።

«መዝገብ ላይ አለች?»

«የለችም።»

«መዝገብ ላይ የሌለ አይመለስም» አለኝና ተነሣ። መሸኛውን ይዞ ወጣ።

አዴ ጣሂራ ዛሬም አሉ፤ አላህ ዕድሜ ይስጣቸው። ይህን የምለው ከልቤ ነው፣ ከልቤ ስለሆነም ነው የሚያመኝ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ልጆቹን ካርድ እያየሁ ሳስረክብ የሂርናው ሚኒባስ በበሩ ያልፋል። ማዞሪያው ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን ይቀንሳል። በሩ ፊት ለፊት ሲሆን ሊቆም ምንም አይቀረው። ጋሽ ጀምበሩ እኔን ያያሉ፣ እኔ ደንቡን አያለሁ። ዝናብ መትቶት ማርከሩ ደብዝዟል፤ ተራ ቁጥር ሰባት ግን አሁንም ይነበባል። መኪና ማቆም ክልክል ነው ይላል፣ በራሴ እጅ ጽሑፍ።