ያላበው መስታወት

እናትየዋ ነገሩን ያየችው አስከሬኑ ከመገኘቱ በፊት ነበር፤ ልብ ያለችው ግን ውሃ ካለፈ በኋላ ነው። የቤተ ሙከራው ምክትል ኃላፊ ማይክሮስኮፑ ፊት ተቀምጣ አንዲት ትንሽ የመስታወት ሳህን በእጅጌዋ ትወለውል ነበር። መስታወቱ እንደ ድስት ክዳን አልቦታል። እናትየዋ በበሩ በኩል እጅ ነስታት አለፈች።

ያመጣት እዚያ የምትሠራው ልጇ ቤት የረሳችው የአስም መድኃኒት ነው። ሰው ሳይታመም ልቅሶ የምትቀመጥ ሴት ናት፤ ስልክ ደውላ «መጣሁ» አለችና እየሮጠች ደረሰች። ልጅቷ ልትቀበላት በአሳንሰር ስትወርድ እሷ በደረጃ ወጣች፤ ተላለፉ። ሲገናኙ የቤተ ሙከራው ኃላፊ ፕሮፌሰር ፈሳሽ ናይትሮጅን በሚቀዳበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሞተው ተዘርረው፣ ነጭ ጉም በጎናቸው እየተሳበ ነበር።

መርማሪው ጉንፋን የያዘው አጭር ሰው ነው፤ ሲያዳምጥ ዓይኑን ይጨፍናል።

«ዛሬ የመቅዳት ተራው የማን ነበር?»

«የኔ» አለች ልጅቷ። «እማዬ ስትደውል ግን ፕሮፌሰሩ ‹ሂጂ፣ እናትሽ ነፍሷ ሳይወጣ ድረሽላት፤ እኔ እቀዳለሁ› አሉኝ።»

«ሌላ የሰማ አለ?»

«የለም።»

«በሩስ?»

«ከባድ ነው፣ ካልያዙት ራሱ ይዘጋል። ናይትሮጅኑ ሲተን አየሩን ያባርረዋል፤ ሽታ የለው፣ ሰው ሳይታወቀው ነው የሚወድቀው። ስለዚህ ስንቀዳ በሩን በበርጩማ እናስይዛለን፤ ቢጫ ፕላስተር የተጠቀለለበት ነው፣ ማንም አይነካውም። እኔ አስይዤው ነው የሄድኩት።»

«በርጩማው ግን ከጠዋት ጀምሮ እኔ ጋ፣ ማይክሮስኮፑ ክፍል ነበር» አለች ምክትሏ በሐዘን። «እኔም ከዚያ አልተነሳሁም፤ ልሰናበታቸው ስሄድ ነው ወድቀው ያገኘኋቸው። ልጅ ናት፣ ረስታው ይሆናል።»

እናትየዋ ወደ ልጇ ተጠጋች። ጥፋቱ ልጇ ላይ ሊወድቅ ነው።

መርማሪው ወደ ሦስተኛው የቤተ ሙከራው ሠራተኛ ዞረ። የፕሮቲኖችን ቅርጽ በኮምፒውተር ስለሚስል «ሥዕለኛው» ይሉታል።

«እስቲ ሥራችሁን እንደ እኔ ላለ መሃይም አስረዳኝ።»

«ሴል ውስጥ ፕሮቲን የሚሠራው ማሽን ዝም ብሎ አይነሳም፤ የሚያስነሱት ረዳቶች አሉት። የአንዱን ቅርጽ ነው የምንፈልገው። የሰውን ጂን ባክቴሪያ ውስጥ አስገብተን ፕሮቲኑን እናሠራለን፣ እናጣራለን፣ ክሪስታል ሲሆን በኤክስሬይ ቅርጹን እናነባለን። ምክትሏ ቅርጹን አገኘሁ ብላ ተጨበጨበላት።»

«አላገኘችም?»

«ትናንት ፕሮፌሰሩ ሥዕሌን አይተው ‹ይሄ የሰው አይደለም፤ የባክቴሪያዋ የራሷ ፕሮቲን ነው› አሉ። ተከራይ ፍለጋ ገብተን አከራይዋን ይዘን ወጣን ማለት ነው። ዛሬ ለሁሉም ሊናገሩ ነበር። ምክትሏም ሰምታለች።»

መርማሪው ተናፍጦ እናትየዋን ወደ ኮሪደሩ ወሰዳት።

«እህቴ፣ ሲያልፉ ያ በር እንዴት ነበር?»

«በርጩማው ነበር» ብትል ልጇ ትድናለች። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ደረሰ። ግን የሞቱት ሰውዬ ለእሷው ጭንቀት ሲሉ ነበር የገቡት።

«ዝግ ነበር» አለች። «በርጩማም አልነበረም።»

ተከትላት የወጣችው ልጅቷ ከኋላዋ «እማዬ!» ብላ ጮኸች።

«ሌላስ ምን አዩ? የማይረባ የመሰለዎትን ይንገሩኝ።»

«ምክትሏ ያላበው መስታወት ስትወለውል ነው ያየኋት። የሚፈላ ነገር ያለ መስሎኝ…»

መርማሪው ዓይኑን ገለጠ።

ሁሉንም ማይክሮስኮፑ ክፍል ሰበሰባቸው።

«መስታወት የሚያልበው ከብርድ ወደ ሙቀት ሲገባ ነው፤ ጥቂት ከቆየ ይደርቃል። ዶክተር፣ ከጠዋት ጀምሮ ከዚህ አልተነሳሁም ብለዋል። ሳህንዎ ግን ናሙና ከምታስቀምጡበት ቀዝቃዛ ክፍል ገና መውጣቱ ነበር። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ደግሞ በናይትሮጅኑ በር ነው። ልጅቷ አሳንሰር እንደገባች ወጡ፤ በርጩማውን ሳቡት፤ በሩ ራሱ ተዘጋ። ሰው ቢመጣ ሥራ ላይ እንዲያገኝዎት ከቀዝቃዛው ክፍል ሳህኑን አምጥተው ተቀመጡ።»

«በርጩማው ከጠዋት…»

«ከጠዋት ጀምሮ እርስዎ ጋ ከነበረ፣ ማንም የማይነካውን በርጩማ አይተው ለምን አልመለሱም? ከናይትሮጅኑ በር ሥር በርጩማ ሲጎተት ወለሉን የፋቀው አዲስ መስመርስ ለምን ወደዚህ ክፍል ያመራል? እናትየዋ ለልጇ ብላ ‹በርጩማው ነበር› ብትል ኖሮ፣ በሩ የተዘጋው እርስዎ እዚህ ከተቀመጡ በኋላ ይመስለኝ ነበር።»

ምክትሏ ሳህኗን ገፋ አደረገቻት።

«ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ነበር» አለች። «የእግሬን ድምፅ ሰምተዋል። ዞር ብለው እንኳ አላዩኝም።»

ማታ ልጅቷ አልጋዋ ላይ እንደወጣች እናትየዋ የማዕድ ቤቱን በርጩማ አምጥታ የመኝታ ቤቱን በር አስያዘችው።

«እማዬ፣ እዚህ እኮ ናይትሮጅን የለም።»

«ዝም በይና ተኚ።»

የልጅቷ ትንፋሽ እስኪስተካከል ቆማ አዳመጠች። በርጩማውን በእግሯ ነካ አድርጋ መጽናቱን አየች። ከዚያ በኋላ ነው ሄዳ የውጭውን በር የቆለፈችው።